ዶክተር ጃክሰንና የ50 ዶላሩ ውርርድ

በ1903 ዓ.ም. አውቶሞቢል በአሜሪካ ምድር ገና የባለጸጎች መጫወቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመላው አገር የነበሩት አውቶሞቢሎች ተቆጥረው 33,000 ያህል ቢሆኑ ነው። የተነጠፈው መንገድ ሁሉ ቢደመር ከ150 ማይል አይበልጥም ነበር ይባላል፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው በከተሞች ውስጥ የሚገኝ ነበር። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ያለው ሰፊ አገር የጋሪና የፈረስ ዱካ እንጂ መንገድ ተብሎ የሚጠራ ነገር ብዙም አልነበረውም። ለነጂ የሚሆን ካርታ የለም፤ ማደያ የለም፤ ጋራዥም ከትልልቅ ከተሞች ውጭ አይታወቅም። ቤንዚን የሚፈልግ ሰው ከሳሙናና ከምስማር ጎን፣ ለልብስ ማጽጃና ለምድጃ ተብሎ ከሚቸረቸርበት ሱቅ ይገዛ ነበር። ዘመኑን ለአገራችን አንባቢ ለማቃረብ ያህል፣ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለማየት የበቁት ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ዘመን ነው እንግዲህ የራሱ አውቶሞቢል የሌለው፣ የመንዳት ልምዱም ከቁጥር የማይገባ አንድ ሐኪም ተነሥቶ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ኒው ዮርክ በአውቶሞቢል እሄዳለሁ ሲል በ50 ዶላር የተወራረደው።

ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን የተወለደው በመጋቢት ወር 1872 ዓ.ም. በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ሲሆን፣ አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። ወላጆቹ በትራፋልጋር ጦርነት የወደቀውን የታላቁን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ ስም ሙሉ በሙሉ ለልጃቸው ሲሰጡ ምን ተመኝተው እንደ ነበር አይታወቅም፤ ልጁ ግን ስሙን ያስጠራው በየብስ፣ ያውም በጭቃ ውስጥ ነው። በ1893 ዓ.ም. ከቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ በዚያው በቬርሞንት ግዛት ጥቂት ዓመታት ሲያክም ከቆየ በኋላ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ስለ ታየበት ሙያውን ለመተው ተገደደ። በ1899 ዓ.ም. ያገባት በርታ ሪቻርድሰን ዌልስ ከቡርሊንግተን ከተማ ባለጸጋ ቤተሰቦች የአንደኛው ልጅ ነበረች። የቤተሰቡ ሀብት ምንጭ የነርቭ ድካምን ያድናል ተብሎ በመላ አገሪቱ ይሸጥ የነበረ የሴለሪ ቅመም መድኃኒት ነው። የመድኃኒቱ ኃይል ከሴለሪው ይልቅ በውስጡ ከነበረው አልኮል የሚመነጭ እንደ ነበረ ቢታወቅም፣ ገንዘቡ ግን እውነተኛ ገንዘብ ነበር። ሐኪሙ ያለዚህ ገንዘብ ውርርዱን ሊገባበት ባልቻለም ነበር።

በግንቦት ወር 1903 ዓ.ም. ባልና ሚስት በሳን ፍራንሲስኮ ሲቆዩ፣ ጃክሰን አንድ ምሽት ዩኒቨርሲቲ ክለብ በተባለው የታወቀ መሰብሰቢያ ከወንዶች ጋር ተቀምጦ ነበር። ወሬው ወደ አውቶሞቢል አዘነበለ። በስፍራው የነበሩት ሰዎች አስተያየት አንድ ዓይነት ነበር፤ ይህ የሚጮኽ ሠረገላ የጊዜው ወረት ነው፤ በከተማ አስፋልት ላይ ለመታየት እንጂ ለረዥም ጉዞ አይሆንም፤ አህጉሩንማ ማቋረጥ ከቶ የማይታሰብ ነገር ነው። ጃክሰን በዚያን ጊዜ የ31 ዓመት ሰው ሲሆን አውቶሞቢልን የሚወደው እንደ አዲስ አማኝ በጭፍን ነበር። ከ90 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኒው ዮርክ እገባለሁ ብሎ 50 ዶላር አስያዘ። ነገሩ እዚያው በሳቅ ሊቀር ይችል ነበር፤ እሱ ግን ወደ ማደሪያው ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። በርታም ባሏን በሚገባ የምታውቅ ሴት ነበረችና አልተከራከረችም። ሻንጣዋን ይዛ በባቡር ወደ ቬርሞንት ተመለሰች። ባቡሩ ሳያስቸግር አደረሳት።

ከዚያ ወዲያ ያሉት አራት ቀናት ያህል ለመሰናዶ የዋሉ ናቸው። ጃክሰን ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያውና ትልቁ ቁም ነገር የራሱን አላዋቂነት ማወቁ ነው። ስዎል ክሮከር የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረ፣ ከዋሽንግተን ግዛት ከታኮማ ከተማ የመጣ መካኒክ አገኘ። ክሮከር ቀደም ሲል የብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረ ሲሆን በቤንዚን ሞተሮች ላይ ሠርቷል። ምን ዓይነት መኪና እንደሚገዛ የመከረውም እሱ ነው። በክሊቭላንድ ከተማ የሚሠራውን ዊንተንን መረጠ። በከተማው አዲስ ዊንተን ስላልተገኘ ጥቂት ያገለገለ አንድ መኪና ከዋጋው በላይ ተከፍሎበት በ3,000 ዶላር ተገዛ፤ ስሙም ቬርሞንት ተባለ።

መኪናው ለሙያው ሰው መጠነኛ መግለጫ ይገባዋል። ሞተሩ ከመቀመጫው ሥር አግድም የተጋደመ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ 20 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነበር። ኃይሉን ወደ ኋላ እግሮች የሚያስተላልፈው እንደ ብስክሌት ሰንሰለት ነው። ወደ ፊት ሁለት ማርሽ፣ ወደ ኋላ አንድ ማርሽ ነበረው። መሪው በቀኝ በኩል ነው፤ ጣራም የፊት መስተዋትም የለውም። በጥሩ መንገድ ላይ በሰዓት እስከ 30 ማይል ይሮጣል፤ ችግሩ ጥሩ መንገድ አለመኖሩ ነው። ዘይቱም እንደ ዛሬው በሞተሩ ውስጥ እየተዘዋወረ የሚመለስ ሳይሆን እየተንጠባጠበ ወርዶ የሚያልቅ ስለ ነበር፣ ዘይት ማለት እንደ ቤንዚን ዘወትር የሚሞላ ነገር ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ጎማው ነው። ጎማን የሚያጠነክረው የካርቦን ጥላሸት በጎማ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ ብዙ ዓመታት ዘግይቶ በመሆኑ፣ የዚያ ዘመን ጎማ በጥጥ ሸራ ላይ የተለበጠ፣ ቶሎ የሚበላና በሙቀት የሚላላ ነገር ነበር። ጉዞው በአብዛኛው የጎማ ታሪክ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመንገዱ ምርጫም በብልሃት የተደረገ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1901 ዓ.ም.፣ የመኪናው ሠሪ አሌክሳንደር ዊንተን ራሱ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ወደ ኒው ዮርክ ለመሄድ ሞክሮ በኔቫዳ በረሃ አሸዋ ውስጥ ሰጥሞ ጉዞውን ትቷል። ስለዚህ ጃክሰንና ክሮከር በረሃውን ወደ ቀኝ ትተው ወደ ሰሜን ለመዞር ወሰኑ፤ በኦሬገንና በአይዳሆ አድርገው ወደ ምሥራቅ ሊታጠፉ አሰቡ። መንገዱ በብዙ መቶ ማይል የሚረዝም ቢሆንም፣ የሚረዝም መንገድ ከማይታለፍ መንገድ ይሻላል።

ግንቦት 23 ቀን 1903 ዓ.ም. በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው ከኦክላንድ ጉዞ ጀመሩ። በመኪናው ላይ የተጫነው ዕቃ ለዘመቻ የሚነሣ ሠራዊት ያስመስላቸው ነበር። የመኝታ ከረጢት፣ ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ መጥረቢያ፣ አካፋ፣ የርቀት መነጽር፣ የምግብ ማብሰያ፣ የቤንዚንና የዘይት ቆርቆሮ፣ መፍቻና መለዋወጫ፣ ካሜራ፣ ጠመንጃና ሽጉጥ ነበራቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዋጋውን በሚገባ የመለሰው በመዘውር የሚሳብ አንድ ረዥም የማንሻ ገመድ ነው፤ ጠመንጃውም ኋላ እንደሚታየው አንድ ቀን ለማይታሰብ አገልግሎት ውሏል።

ገና 15 ማይል ሳይሄዱ አንድ ጎማ ፈነዳ። በሳን ፍራንሲስኮ ለመኪናው ልክ የሚሆን ያገኙት መጠባበቂያ ጎማ አንድ ብቻ ነበርና እሱን በዚያው ዕለት ተጠቀሙበት። ሲመሽ ደግሞ የመኪናው ፋኖሶች ከመንገዱ ይልቅ ራሳቸውን ብቻ የሚያሳዩ ሆነው ስለ ተገኙ፣ በሳክራሜንቶ ከተማ ትልቅ ፓውዛ ተገዝቶ ከፊት ተገጠመ። አዲስ ጎማ ፈልገው ስላጡ ያገለገሉ የውስጥ ጎማዎች ገዝተው ሄዱ። ወደ ሰሜን ሲዘልቁም መኪናው እየዘለለ የምግብ ማብሰያውን ዕቃ አንድ በአንድ ከኋላ ያፈስ ነበር። የሞተሩ ጩኸት የሚወድቀውን ብረት ድምፅ ስለ ሸፈነው ሁለቱ ሰዎች የጎደለውን ያወቁት ሲርባቸው ነው።

በዚሁ አካባቢ የደረሰባቸው ነገር ከጉዞው ታሪኮች ሁሉ ይበልጥ ሲተረክ የኖረ ነው። በፈረስ ላይ የተቀመጠች ሴት አግኝተው ሜሪስቪል ወደ ተባለች ከተማ የሚወስደውን መንገድ ጠየቋት። ሴትየዋ ያለ ማመንታት አሳየቻቸው። በተባሉት አቅጣጫ ብዙ ማይል ከተጓዙ በኋላ መንገዱ በአንድ የገበሬ ግቢ በር ላይ አለቀ። ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ መኪናውን በአድናቆት ተመለከተ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ከዚህ ወደ የትም እንደማያልፍ ነገራቸው። በመጡበት ተመልሰው ሴትየዋን ሲያገኟት፣ አባቷ፣ እናቷና ባሏ በዕድሜያቸው አውቶሞቢል አይተው ስለማያውቁ እንዲያዩ ፈልጋ እንደ ላከቻቸው ሳታፍር አስረዳች። ለዚህ ትርኢት ሲባል ከመንገዳቸው ውጭ የተጓዙት 108 ማይል ነው። ጃክሰን ይህን ነገር እስከ ሽምግልናው ድረስ እየሳቀ ይናገረው ነበር፤ በዚያች ቀን ስለ መሳቁ ግን ያጠራጥራል።

ተራራማው የካሊፎርኒያ ሰሜን በተራው ዋጋ አስከፈላቸው። በግል መሬት ላይ ለሚያልፍና ከድንጋይ ክምር በማይሻል መንገድ ላይ የቆመ ሰው 4 ዶላር የማለፊያ ቀረጥ ተቀበላቸው። ጎማዎቹ ተራ በተራ አለቁ። ክሮከርም ገመድ በባዶው የእግር ብረት ላይ እየጠመጠመ መኪናውን ማስኬድ ጀመረ። ለሳን ፍራንሲስኮ በቴሌግራም ጎማ አዝዘው በአልቱራስ ከተማ ሲጠብቁ፣ ጎማው ግን ሳይመጣ ቀረ። በመጨረሻ በገመድ በተጠመጠመ እግር ወደ ኦሬገን ተሻገሩ።

ኦሬገን ላይ ውርርዱ ሊሸነፍ የተቃረበ ይመስል ነበር። ሰኔ 6 ቀን መኪናው ቆመ፤ አንድ ካውቦይ ፈረሱ ላይ እንደ ተቀመጠ በገመድ አስሮ እስከ አንድ የከብት እርባታ ጎተተው። ዓለምን ሊለውጥ የመጣው 20 የፈረስ ጉልበት በአንድ ፈረስ ተጎተተ ማለት ነው። ክሮከር ብልሽቱን ጠገነ፤ ዳሩ ግን ቤንዚኑ ሳያስተውሉት ተንጠባጥቦ አልቆ ተገኘ። በአቅራቢያው ያለችው ከተማ በርንስ 25 ማይል ትርቃለች። ጃክሰን ብስክሌት ተከራየና የቀድሞውን ተወዳዳሪ ላከው። የብስክሌቱም ጎማ መንገድ ላይ ተነፈሰ። ክሮከር ቤንዚኑን ይዞ ሲመለስ ያመጣው አራት ጋሎን ነበር። ጥቂት ቀናት አለፉና ደግሞ ዘይት አለቀ። ጃክሰን በተራው ቆርቆሮ ይዞ ወደ ኋላ፣ ወዳለፉት መንደር በእግሩ ሄደ፤ ዘይቱን ይዞ ከተመለሰ በኋላ ግን ቬል የተባለችው ከተማ ከቆሙበት ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት እንደ ነበረች ተረዱ።

በዚህ ሁሉ መካከል ጃክሰን ለሚስቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤዎቹ ተጠብቀው የኖሩ ሲሆን መንፈሳቸው የሚያስገርም ነው። የተሰበረው ሁሉ ተጠግኗል፤ መጥፎው መንገድ አልፏል፤ ከእንግዲህ ያለው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ደብዳቤ ደግሞ እንዲሁ። እንዲህ ያለው ተስፈኝነት ከጎኑ መፍቻ የያዘ ሰው ከሌለ ሞኝነት ይሆናል፤ ካለ ግን ጉዞውን የሚያንቀሳቅስ አንድ ሲሊንደር ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

በአይዳሆ ግዛት፣ በኮልድዌል ከተማ አካባቢ፣ ሦስተኛው መንገደኛ ተጨመረ። ጃክሰን ቀደም ብሎ ውሻ ይዞ ለመጓዝ ተመኝቶ ነበርና 15 ዶላር ከፍሎ በድ የተባለ ቡልዶግ ገዛ። በዚያ አገር የሚነሣው ጨዋማ አቧራ የውሻውን ዓይን ስላቆሰለው፣ እንደ ጌቶቹ የአቧራ መነጽር ተደረገለት። በድ መነጽሩን ወደደው ይባላል። ከፊት ተቀምጦ መንገዱን እያየ ጉድጓድ ሲመጣ አስቀድሞ ራሱን ያደላድል ጀመር። ከሦስቱ ተጓዦች መካከል በመንገዱ ሁሉ አንድም የስድብ ቃል ያላወጣው እሱ ብቻ እንደ ነበረ ጃክሰን በኋላ ተናግሯል። ከዚያ ወዲያ ጋዜጠኞች በየከተማው ከሐኪሙና ከመካኒኩ ይልቅ ውሻውን ፎቶግራፍ ለማንሣት ይሽቀዳደሙ ነበር።

አሁንም በአይዳሆ እያሉ የጃክሰን ካፖርት ከመኪናው ላይ ወደቀ፤ አብዛኛው የጉዞው ገንዘብ በኪሱ ውስጥ ነበር። ለበርታ ቴሌግራም ተደርጎ ገንዘብ ወደ ሻየን ከተማ እንዲላክ ተጠየቀ። ሻየን ግን ገና ሩቅ ነበረች፤ በመካከሉም የዋዮሚንግ ሰፊ ባዶ ምድር አለ።

በዚያ ምድር መንገዱ ጨርሶ ጠፋ። ድልድይ የሌለው ወንዝና ጅረት በየጊዜው ይጋረጥባቸዋል፤ መኪናው መካከል ላይ ሲሰጥም ገመዱን ወስደው ወዲያ ማዶ ባለ ዛፍ ወይም በመሬት በቀበሩት ምሰሶ ላይ ያስሩና በመዘውሩ እየሳቡ ያወጡታል። ሥራው በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚሠራ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሲደክሙ ስንቃቸው አልቆ 36 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምሱ ከቆዩ በኋላ ብቻውን የሚኖር አንድ የበግ እረኛ አገኙ። እረኛውም የበግ ጥብስና የተቀቀለ በቆሎ አበላቸው። ጃክሰን ገንዘብ የሚሰጠው ስላልነበረ ጠመንጃውን ሰጠው። ውርርዱን ከገባ ጀምሮ ካደረጋቸው ግዢዎች ሁሉ የማያስቆጭ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የእግሩ ኩሽኔታ ሲያልቅ ክሮከር ያደረገው ነገር ለሙያ ባልደረቦች ተለይቶ ሊነገር የሚገባ ነው። በዚያ ባዶ አገር ለዊንተን የተሠራ ኩሽኔታ ይገኛል ማለት ዘበት ነው። እሱ ግን አንድ ገበሬ በሣር ማጨጃ መኪናው ላይ ያለውን ኩሽኔታ እንዲለቅለት አግባብቶ፣ አውጥቶ፣ ለዊንተኑ እንዲስማማ አድርጎ ገጠመው። ሥራው አውቶሞቢሉን ከፋብሪካው ምሥጢር አውጥቶ ከማጨጃውና ከውሃ መሳቢያው ጋር በአንድ ረድፍ የሚያሰልፍ ነው። ኩሽኔታ ኩሽኔታ ነው፤ ልኩንና ጭነቱን የሚያውቅ እጅ ካገኘ የማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። በየመንደሩ የነበሩት ቀጥቃጮችም እንዲሁ ናቸው። ፈረስ ሲጫሙ የኖሩ ሰዎች አይተውት የማያውቁትን መኪና የተሰበረ ብረት በፍማቸው አግለው አያያዙለት። የእነዚህን ሰዎች ስም የመዘገበ ጋዜጣ ቢኖር በእርግጥ ትንሽ ነው።

እንደዚህም ሆኖ ሁሉም ነገር በፍም አይጠገንም። እዚያው በዋዮሚንግ ከሞተሩ ውስጥ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ሲሰበር የሚቻለው ቴሌግራም መምታትና መቀመጥ ብቻ ነበር። የሚያስፈልገው ክፍል ከክሊቭላንድ በባቡር እስኪመጣ ቀናት ጠበቁ። እዚህ ላይ የታሪኩ ትልቁ ፌዝ ይገኛል። ከ1861 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራም፣ ከ1869 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የባቡር ሐዲድ አህጉሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ነበር። ባቡርን ከዙፋኑ የሚያወርደው አውቶሞቢል የመጀመሪያ ጉዞውን የፈጸመው ከሐዲዱ ሳይርቅ፣ መለዋወጫውን ባቡር እያመጣለት፣ ችግሩን ሽቦ እያወራለት ነው። ባቡር ጣቢያዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ክሮከርም ቢሆን ዋዮሚንግ ላይ በቀረ ነበር።

በዚህ ጊዜ ውርርዱ የውርርድ መልክ እያጣ ሄዷል። ሰኔ 20 ቀን የፓካርድ ኩባንያ ነጂውን ቶም ፌችን ከጋዜጠኛው ማሪየስ ክራሩፕ ጋር ከሳን ፍራንሲስኮ አስነሣ። ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ በትንሽዋ ኦልድስሞቢል ዊትማንና ሃሞንድ ተከተሉ። እነዚህ በፋብሪካ ገንዘብ፣ በፋብሪካ መለዋወጫና በታሰበ ዕቅድ የተነሡ ናቸው። የፓካርዶቹ ሰዎች የኔቫዳን አሸዋ ለማለፍ በጎማው ሥር የሚዘረጉት ረዥም ሸራ ይዘው ነበር፤ ዘዴውም ሠርቶላቸዋል። በምሕንድስና ዓይን ከተመዘነ የእነሱ መሰናዶ ከጃክሰን መሰናዶ ይበልጣል፤ በቀን ቆጠራም ጉዟቸው ጥቂት አጠር ያለ ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ አራት ሳምንት ቀድሟል፤ ሁለተኛ የደረሰውን ደግሞ ሕዝብ አያስታውስም።

ሐምሌ 12 ቀን ኦማሃ ሲገቡ የከፋው አለቀ። ከዚያ ወዲያ መንገድ አለ፤ ሆቴል አለ፤ ቤንዚን አለ። ቺካጎንና ክሊቭላንድን በሕዝብ አቀባበል እያለፉ ሄዱ። አደጋው የጠበቃቸው ይህ ሁሉ በረሃ ካለፈ በኋላ፣ ከቡፋሎ ከተማ በስተምሥራቅ ነው። መኪናው በመንገዱ ላይ ከነበረ ስውር ነገር ጋር ተጋጭቶ ሐኪሙንም መካኒኩንም ውሻውንም አሽቀንጥሮ ጣላቸው፤ ደግነቱ ሦስቱም ተርፈው ተነሡ። ሐምሌ 26 ቀን 1903 ዓ.ም.፣ ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቬርሞንት በጭቃ እንደ ተለወሰ ኒው ዮርክ ገባ። ከሳን ፍራንሲስኮ ከተነሡ 63 ቀን ከ12 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ሆኗቸው ነበር። የተጓዙት 4,500 ማይል ያህል፣ ያቃጠሉት ቤንዚን 800 ጋሎን ያህል ነው። ጃክሰን ለመኪናው፣ ለጎማው፣ ለመለዋወጫው፣ ለሆቴሉ፣ ለክሮከር ደመወዝና ለውሻው ያወጣው ወጪ ሲደመር 8,000 ዶላር ደረሰ። ያሸነፈውን 50 ዶላር ሄዶ አልተቀበለም።

ሆኖም ሐሜት አልቀረለትም። መኪናውን በባቡር ጭኖ ነው የተሻገረው የሚሉ፣ በመንገድ ላይ በሌላ ዊንተን ለውጦታል የሚሉ ሰዎች ተነሡ። የዊንተን ኩባንያም ይህን በማስረጃ ለሚያረጋግጥ ሰው መጀመሪያ 10,000 ዶላር፣ በኋላም ከፍ ብሎ 25,000 ዶላር ሽልማት እንደሚከፈል በጋዜጣ አስታወቀ። ሽልማቱን ለመውሰድ የቀረበ አልተገኘም። በየመንደሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የመኪናውን ቁስል ዓይተው ስለ ነበር ማስረጃው ሁሉ የሚገኘው በሌላው ወገን ነበር።

ከኒው ዮርክ እስከ ቤቱ፣ እስከ ቡርሊንግተን ያለው ጉዞ በጣም አጭር ሲሆን አስቂኝነቱ ግን ከረዥሙ አያንስም። ሁለቱ ወንድሞቹ የየራሳቸውን አውቶሞቢል ይዘው ሊቀበሉት ወጡ፤ የሁለቱም መኪናዎች መንገድ ላይ ተበላሹ። አህጉሩን አቋርጦ የደከመው ቬርሞንት እነሱን ጎትቶ አስገባ ይባላል። ከዚያም የራሱ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ በጉዞው ሁሉ ሳይለወጥ የቆየው የመንጃ ሰንሰለት ተበጠሰ። ይህም በቂ ሳይሆን ቀርቶ በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ በቡርሊንግተን ጎዳና በሰዓት ከ6 ማይል በላይ ነድተሃል ተብሎ ተያዘና 5 ዶላር ከነኪሣራው ተቀጣ። የውርርዱን 50 ዶላር ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ መቀጫውን ከዚያ ለመክፈል ይችል ነበር።

ክሮከር ከዚህ በኋላ ብዙ አልኖረም። በ1913 ዓ.ም.፣ ሠላሳዎቹን ገና እንደ ጀመረ ሞተ። አገሩ በዚያን ጊዜ ፎርድ በብዛት በሚያወጣቸው መኪናዎች መሞላት ጀምሮ ነበር። በጋዜጦቹ ርእስ ላይ የነበረው የባለ ገንዘቡ ስም ነበርና፣ ገመድ በእግር ብረት ላይ የጠመጠመው፣ በብስክሌት ቤንዚን ያመጣው፣ የማጨጃውን ኩሽኔታ የገጠመው ሰው ስም ለብዙ ጊዜ ተከድኖ ኖሯል። የጃክሰን ገንዘብ፣ ጽናትና ሳቅ ባይኖር ጉዞው ባልተጀመረም ነበር፤ የክሮከር እጅ ባይኖር ግን ካሊፎርኒያ ላይ ባበቃ ነበር። ሁለቱን ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ከእያንዳንዱ የጉዞ ቀን በኋላ ማን ከመኪናው ሥር እንደ ተኛ ይመልከት።

ጃክሰን ዕድሜውን በውርርድ ዝና ብቻ የበላ ሰው አልነበረም። አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የ45 ዓመት ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዕድሜህ አልፏል ቢባልም አልበገር ብሎ በሐኪምነት ዘመተ። በፈረንሳይ ምድር በ313ኛው እግረኛ ሬጅመንት ውስጥ ሲያገለግል ቆስሏል፤ ለጀግንነቱም ከአሜሪካና ከፈረንሳይ መንግሥታት ኒሻን ተሸልሟል። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ሌጅን የተባለውን የዘማቾች ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በቡርሊንግተን ጋዜጣና የሬዲዮ ጣቢያ ነበረው። በ1936 ዓ.ም. ለቬርሞንት አገረ ገዢነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ይህን ውድድር ስንት እንዳስከፈለው ባይነገርም፣ ከአውቶሞቢሉ ውድድር ያነሰ ደስታ እንደ ሰጠው መገመት አያስቸግርም።

መኪናውን እስከ 1944 ዓ.ም. ድረስ ከቤቱ አላስወጣውም። በዚያ ዓመት ከጋዜጣ ቁርጥራጮቹና ከበድ የአቧራ መነጽር ጋር በዋሽንግተን ለሚገኘው ለስሚዝሶንያን ተቋም ሰጠው። ጃክሰን በጥር 14 ቀን 1955 ዓ.ም. በቡርሊንግተን ዐረፈ፤ ዕድሜው 82 ዓመት ነበር። የአሜሪካን አገር ከዳር እስከ ዳር በ41,000 ማይል ዘመናዊ አውራ ጎዳና የሚያገናኘው ሕግ የተፈረመው ከዚያ በኋላ በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. ነው።